ስድስተኛው ዙር ላይ የቆመው መዝገብ

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን እዚህ ልጻፈው። ያን ቀን ደረቴን አላመመኝም ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው። ባለቤቴ ኦሪን ልጃችንን ጋሬትን ይዞ ፒትስበርግ ቤዝቦል ሊያይ ሄደ። እኔን እዚህ ማንስፊልድ ደረቴን አመመኝና ደወልኩለት። ጨዋታውን ጥሎ ወደ እኔ ሲበር መኪናው ተገለበጠ። እሱ ሞተ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ጋሬት ተረፈ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ይህን ባነሱ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። "እንዲህም ያለ ፍቅር አለ!" ይላሉ። እኔ የድንች ሰላጣውን ሳህን አዞራለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ሰባተኛው ቅዳሜ። አባትና ልጅ በየስታዲየሙ ሲዞሩ እኔ ከኦሪን እናት ጋር ቤት ስውል ሰባተኛዬ። መረረኝ። ዋሸሁ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህ አልነበረም፤ ለጉዞ ማስታወሻ ነበር። የወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የኦሪን ካርታ አለ። ያየው ስታዲየም ሁሉ ላይ ቀይ ስፒል ሰክቷል። ፒትስበርግ ላይ ግን ስፒል የለም፤ ሊሰካው አልተመለሰም። ዘንድሮ ለእሱ ስል፣ በአንድ ቀን ደርሼ የምመለስባቸውን አራቱን ልዞር ወስኛለሁ። ክሊቭላንድ፣ ሲንሲናቲ፣ ዲትሮይት፣ መጨረሻ ላይ ፒትስበርግ። የኔ ስፒል ሰማያዊ ነው።

ዛሬ ክሊቭላንድ ነበርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ ብዬ ስድስተኛው ሲያልቅ ወጣሁ።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

አለቃችን ብሬንት ወረቀቱን ለጠፈ። ቅዳሜ ግዴታ። ስሜ አለበት።

የምንሠራው የሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ ውስጥ ነው። እኔና ሮዜታ ትልቁ የካውያ ማሽን ላይ ነን፤ እሷ የአንሶላውን አንድ ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን እናጎርሰዋለን። ቅዳሜ ማን እንደሚገባ የሚታወቀው ሐሙስ ከሰዓት ነው። የቀረ ሰው አንድ ነጥብ ይያዝበታል፤ ራሱ ታምሞ ከሆነ ግማሽ። ስምንት የሞላበት ይሰናበታል። እኔ አምስት አለብኝ። አራቱ ባለፈው ክረምት አማቴ የወደቁ ጊዜ የተያዙብኝ ናቸው።

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የመንግሥት ሕክምና እስኪደርሰኝ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። እስከዚያ የግፊቴ ክኒን በሥራዬ መድን ስለሚከፈል ከዚህ ማሽን ጋር የታሰረ ነው። እኔም ከእሱ ጋር።

ስለዚህ ጉዞዬ እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ትኬት አስቀድሜ አልገዛም፤ እዚያው መስኮቱ ላይ እገዛለሁ።

ሜይ 4፣ እሑድ

ሲንሲናቲ። ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት መንዳት። ሮዜታ ከአማቴ ከእማማ ቬልዳ ጋር ዋለችልኝ። ሁለቱ ካርታ ሲጫወቱ አንዳቸው ሳያኮርፉ አይለያዩም።

ስመለስ እማማ ቬልዳ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን የድመት ነው።

"ማን አሸነፈ?" አሉኝ።

"እነሱ መሰሉኝ።"

"መሰሉኝ! ሦስት ሰዓት ነድታ ሄዳ መሰሉኝ ትለኛለች።"

ሮዜታ ኮቷን እየለበሰች ሳቀች። "ስድስተኛው ላይ እኮ ነው ጥላ የምትወጣው፣ እማማ። ክሊቭላንድም እንደዚሁ ነው ያደረገችው። አንቺ ሴትዮ፣ ሲኒማ ብትሄጂም ሳይጋቡ ነው የምትወጪው?"

"መንገዱ ይጨናነቃል" አልኩ።

እማማ ቬልዳን አላሳቃቸውም። አዩኝ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሜይ 18፣ እሑድ

ዲትሮይት። ዝናብ ጨዋታውን አንድ ሰዓት አቋረጠው። ከጣሪያው ሥር ቆሜ አንድ አባት ሴት ልጁን የጨዋታ መዝገብ አያያዝ ሲያስተምራት ሰማሁ። "ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ ለሳተ ይሄን ፊደል ጻፊ። ኳሱ ሲያልፍ ዱላውን ሳያነሳ ቆሞ ላየ ደግሞ ያንኑ ፊደል ገልብጪው።"

እኔም እንዲህ ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤት የተውኩት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ኦሪን ሲያገባኝ የማነበው የመንገድ ምልክት ብቻ ነበር። ያፍርብኛል ብዬ ደበቅኩት። እሱ ግን አወቀ፤ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ሬዲዮ ጨዋታ ሲያስተላልፍ እርሳስ ሰጥቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። መጀመሪያ ማንበብ የቻልኩት የእሱን መዝገብ ነው። ማን መታ፣ ማን ሮጠ፣ ማን ቆሞ ቀረ። ከዚያ የተጫዋቾቹን ስም። ከዚያ ጋዜጣውን። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ የሚጥላቸውን መጻሕፍት በካርቶን እየሞላሁ ሰላሳ ዓመት።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው የዋሸሁት።

ስድስተኛው ሲያልቅ ዝናቡ እንደገና ስላስፈራኝ ወጣሁ።

ጁን 5፣ ሐሙስ

ጋሬት ከኮሎምበስ ደወለ። ሚስቱ ብሪያና ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

"የሕፃን የመኪና ወንበር ገዛን፣ እማ።"

"ገጠምከው?"

"ሳሎን ነው ያለው። ሣጥኑ ውስጥ። እሷ በየቀኑ ግጠመው ትለኛለች። ትናንት ሣጥኑ ላይ ቡና አስቀምጬ ስጠጣ አየችኝና አለቀሰች።"

ጋሬት ዳቦ ለሱቆች ያከፋፍላል። ሌሊት መኪናው ውስጥ እሱና ዳቦ ብቻ ናቸው። ብቻውን እንደ ነፋስ ይነዳል፤ ሰው ግን አያሳፍርም። ብሪያና ሐኪም ጋ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር።

"እማ፣ እኔ ልጅ ይዤ አልነዳም። አልችልም። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።"

አላውቅም ነበር። ያየውን አይቶ ነው ብዬ አሰብኩ። "ይገባኛል" አልኩት።

ብሪያና እናቷ ጋ እሄዳለሁ ብላለች። ልጅ ከመወለዱ በፊት ልነግረው ይገባል። ግን ምን ያገባዋል? የኔ ውሸት ለእሱ ምን ይፈይድለታል? ደግሞ እሱም ከሄደብኝስ?

ጁን 19፣ ሐሙስ

እማማ ቬልዳ ትኩሳት። ቀረሁ። ስድስት ነጥብ።

ብሬንት "ኔቫ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም" አለኝ። እጁ ላይ የያዘው የሮዜታን ኩኪስ ነበር።

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት

ማሽኑ አጠገብ ሙቀቱ አይቻልም። ሮዜታ ሁለት ጊዜ ራሷን ልትስት ነበር።

ወሰንኩ። እዚያው ፒትስበርግ እነግረዋለሁ። እሑድ እሱ ሥራ ስላለው ቅዳሜ መሆን አለበት። ሮዜታ ከዘመዷ የኪስ ካርድ አመጣችልኝ፤ የዓመቱን ጨዋታ በትናንሽ ሣጥን የያዘ ነው። ጁላይ 19 ጥቁር ሣጥን፤ ሜዳቸው ላይ ናቸው ማለት ነው። ደወልኩለት።

"ፒትስበርግ?" አለ።

"ፒትስበርግ።"

"በየመኪናችን እንገናኝ" አለ።

ብሬንት ያን ቅዳሜ እንዳይጽፈኝ እየጸለይኩ ነው።

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ጻፈኝ።

ሮዜታ ሰሌዳው ሥር ቆማ "ሂጂ እባክሽ" አለችኝ። "ሰባት እንጂ ስምንት አይሆንብሽም። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ድረስ እንደ መነኩሴ ትኖሪያለሽ።" የእሷ ስም የለም፤ ከእማማ ቬልዳ ጋር ትውላለች።

ቤት ስገባ እማማ ቬልዳ ጭናቸው ላይ አንድ ነገር ይዘው ጠበቁኝ። የኦሪን የጨዋታ መዝገብ። ፖሊስ ከመኪናው አውጥቶ የመለሰው ለእሳቸው ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

"ይዘሽ ሂጂ" አሉ። "የመጨረሻውን ገጽ ሳታነቢ እንዳትመጪ።"

"ምን አለበት፣ እማማ?"

"ማንበብ ትችይ የለ?"

ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አልከፈትኩትም።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ፣ መኪናዬ ውስጥ፣ ፒትስበርግ

ሞተሩን ገና አላስነሣሁም።

ደረስኩ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። መኪና ማቆሚያው ባዶ። ኦቾሎኒ ሻጭ የለም፣ ማልያ የለበሰ ሰው የለም። ቀድመን ደርሰናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጋሬት የብረት አጥሩ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ፊቱ ነጭ ነበር፤ ሲያየኝ ግን በሳቅ ፈነዳ።

"እማ! ቡድኑ እኮ የለም! ሌላ ከተማ ነው የሚጫወቱት!"

ካርዱን አውጥቼ አሳየሁት። "ጥቁር ሣጥን ነው! ይኸው!"

"ጥቁሩ ሜዳቸው የሆነው የክሊቭላንድ ካርድ ላይ ነው። የእነዚህ ካርድ ተገላቢጦሽ ነው። ነጩ ነው ሜዳቸው። ታች ላይ ተጽፏል፣ እይው። በትንሹ።"

በትንሹ ተጽፏል። ከኦሪን መዝገብ ማንበብ የተማርኩት ሴትዮ አላነበብኩትም። ትኬቱን እንደ ሰው አስቀድሜ ብገዛ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ሐሙስን የሚጠብቅ ሰው ግን መቼ አስቀድሞ ይገዛል?

ወንዙ ዳር ሳንድዊች ገዝተን ተቀመጥን። ከወንዙ ማዶ ከተማው፣ ከኋላችን ባዶው ስታዲየም። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዘመን የለውም። አሁን እነግረዋለሁ አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ።

"እማ፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ።"

ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

"አንቺ የደወልሽው አራተኛው ዙር ላይ ነው። አባዬ ስልኩን ዘጋና 'እናትህ ናት፣ ደረቷን አሟታል' አለኝ። እኔ ለመንኩት። 'እባክህ አባዬ፣ ያ ትልቁ መቺ እንደገና እስኪመጣ' አልኩት። አለቀስኩበት። ሁለት ዙር ሙሉ አስቀመጥኩት። እናቴ እየሞተች። ከዚያ ያን ጊዜ ለማካካስ ነው የበረረው። ገባሽ? እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሰው ሲቀመጥ አሁንም 'እባክህ አባዬ' የሚለውን ድምፄን እሰማለሁ።"

ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አገጩ ላይ ሰናፍጭ ነበረበት፤ በመሐረቤ ጠረግኩለት።

አለመንገሬ። አለመንገሬ! "የኔ ልጅ፣ ልጅ ነበርክ" ብቻ ነው ያልኩት። መዝገቡ ቦርሳዬ ውስጥ ጭኔ ላይ ነበር። ወደየመኪናችን ሄድን። እሱ ወጥቷል፤ እኔ አሁንም እዚሁ ነኝ።

ዱላውን ሳያነሳ ቆሞ ላየ የሚጻፈው የተገለበጠው ፊደል፤ ያ ነኝ ዛሬ።

ጁላይ 20፣ እሑድ፣ ጠዋት

አነበብኩት።

የኦሪን እጅ ነው። ቀጥ ያሉ መስመሮች፤ እንደ ሰውየው ንጹሕ። አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ዙር አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ በትናንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦

"ኔቫ ደወለች። ደረቷ፤ እንደ ባለፈው ክሊቭላንድ። ከፍቷታል እንጂ አላመማትም። ስድስተኛው ሲያልቅ እንሄዳለን፤ ልጁ ትልቁን መቺ ይይ። ለእሷ አበባ።"

ከዚያ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ከዚያ ሦስት ባዶ ዓምዶች።

እንደ ባለፈው ክሊቭላንድ። አዎ። ክሊቭላንድም እንዲሁ ብዬው ነበር። ያንን ከራሴም ደብቄው ኖሬያለሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳን አንዴ የዋሸሁ አስመስዬ ጻፍኩ።

ያውቅ ነበር። ልጁ ሳይለምነው፣ እዚያው አራተኛው ዙር ላይ ወስኖ ጽፎታል። በጭንቀት የበረረም አይመስለኝም። አበባ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን ያበርረዋል? መንገዱ ለምን ገለበጠው? አላውቅም። ዝናብ ነበር ብለዋል።

ቁርስ ላይ እማማ ቬልዳ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"አነበብሽው?"

"አነበብኩት።"

"እንግዲያውስ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ እርስዎም 'ልጄ ወደ እሷ ሲሮጥ ሞተ' ሲሉ?"

"ሲሮጥ ነው የሞተው። ውሸት ነው?" ዳቧቸውን ቆረሱ። "መጀመሪያ ልገድልሽ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ አሳዘንሽኝ። ከዚያ ደግሞ ለመድኩሽ። ተናግሬ ብታባርሪኝ ኖሮ ከማን ጋር ልጣላ ነበር? ከሮዜታ ጋር? እሷ ካርታ ታጭበረብራለች።"

ሳቅኩ ይሁን አለቀስኩ አላውቅም። ጋሬት ወንዙ ዳር የነገረኝን አወራኋቸው።

"ለጋሬት ግን መንገር ነበረብኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያ ልጅ ምን እንደተሸከመ እኔ ምን አውቄ። ይሄኛው የኔ ነው፤ አንቺ ላይ አልጭነውም።"

ጁላይ 21፣ ሰኞ

ሰባት ነጥብ። ብሬንት አስፈረመኝ።

ኦገስት 3፣ እሑድ

ክሊቭላንድ። እስከ ዘጠነኛው ተቀመጥኩ።

ምንም አልሆነም። ሰው ተነሥቶ ሄደ። ጠራጊዎቹ መጡ። አንዱ "እሜቴ፣ አለቀ እኮ" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። ሮዜታ ውጤቱን ስትጠይቀኝ በትክክል ነገርኳት፤ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

አሁንም አልደወልኩለትም። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እሱ ነጻ ነው ብዬ ስነግረው ነጻ ያወጣሁት ሰው እናቱን ያጣል። ፈሪ ነኝ። ሁልጊዜም ፈሪ ነበርኩ፤ ብቸኝነቴን እንኳ በስሙ መጥራት ፈርቼ ነው በሽታ ያልኩት።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

ብሪያና ደወለች። ሴት ልጅ። ትናንት ተወለደች። ሁለቱም ደህና።

ምጡ ሲጀምራት ጋሬት መኪናውን አስነሣ፤ በሩን ከፈተላት፤ ከዚያ መሪውን ይዞ ቀረ። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት፣ በምጥ መሐል። "ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እንወጣለን" አለችኝ። "ወንበሩ አሁንም ሣጥኑ ውስጥ ነው። እናቴ መኪና ይዛ ትመጣለች። ወደ እሷ ቤት ነው የምሄደው፣ ኔቫ። ለአንቺ ልነግርሽ ፈልጌ ነው፤ እሱ አይነግርሽም።" አልጮኸችም። ደክሟታል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ብሬንት ለጠፈ። ቅዳሜ። ስሜ አለበት። የሮዜታም።

ኦገስት 15፣ ዓርብ

አንሶላ እያጎረስን ለሮዜታ ነገርኳት። ቅዳሜ አልገባም አልኳት።

"ስምንት ይሞላብሻል! አብደሻል?" ጫፉን ለቀቀችው፤ አንሶላው ተጣምሞ ገባ። ከዚያ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። "ስሚኝ፤ ለብሬንት እኔ እነግርልሻለሁ። ታማ ድንገተኛ ክፍል ገብታለች እላለሁ። ግማሽ ነጥብ ነው፤ ትተርፊያለሽ። ደረቷን አሟታል ብል ማን ይጠይቀኛል? በዚህ ዕድሜሽ!"

ማሽኑ ይጮሃል። የምትለኝን ሁሉ ሰማሁ። ለእኔ ብላ ነው፤ ከልቧ።

"አይሆንም፣ ሮዜታ። ምንም አላመማትም በይው። ልጇ ጋ ሄደች በይው።"

"ኔቫ..."

"እንደዛው በይው። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።"

አየችኝ። ሌላ አንሶላ አነሣች፤ ጫፉን ያዝኩ።

እማማ ቬልዳን የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ምን ላድርግ ስላቸው "እኔን የት ልትጥይኝ ነበር?" አሉ። ኮፍያቸውን አውጥተው በሩ አጠገብ ሰቅለዋል። ለልጅ ልጃቸው የሚሉት እንዳላቸው ነገሩኝ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የኔን ስጨርስ የእሳቸውን ይላሉ።

ክኒኖቼ ለአንድ ወር ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ።

ፊት ለፊት ልናገረው እንደማልችል ፒትስበርግ ላይ አይቻለሁ። መጻፍ ግን እችላለሁ፤ ያን ደግሞ ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ፣ ጋሬት። እዚህ ደብተር ውስጥ የዋሸሁትን አልሰረዝኩም፤ እንዳለ አንብበው። መዝገቡን ጨምሬልሃለሁ። አራተኛው ዙር፣ ጠርዙ ላይ። የአባትህ እጅ ነው። ሳትለምነው ወስኗል። አንተ ያስቀመጥከው አንዲት ደቂቃ የለችም። ውሸቱ የኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ የሃያ ሁለት ዓመት ዝምታ። ልትቆጣኝ መብትህ ነው፤ በሩን ብትዘጋብኝም አልፈርድብህም። ግን መጀመሪያ ወንበሩን ከሣጥኑ አውጣ።

ነገ ከቀኑ አምስት ሰዓት ኮሎምበስ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ እሆናለሁ። እነዚህን ገጾች የሚቀበለኝ ልጄ ጋሬት ኦሪን ሀርግሮቭ ነው።